ሲስተሜን በ600,000 ብር ልሽጠው ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ለአንድ ሆቴል የክፍል ማስያዣና የሒሳብ ሲስተም ሠራሁ። 80,000 ብር ከፈሉኝ። ያንኑ ሲስተም አስተካክዬ ለፔንሲዮኖች መሸጥ ጀመርኩ። ዛሬ 26 ደንበኞች አሉኝ። 17ቱ በወር 1,500 ብር ይከፍላሉ። 8ቱ መጀመሪያ አካባቢ 35,000 ብር አንዴ ከፍለው የጨረሱ ናቸው። የመጀመሪያው ሆቴል ቅርንጫፍ ስለከፈተ በወር 12,000 ብር ይከፍለኛል። ከጀመርኩ ወዲህ ዋጋ ጨምሬ አላውቅም። ለሰርቨር፣ ለኤስኤምኤስና ለትራንስፖርት በወር 9,500 ብር ገደማ ይወጣል። ንግድ ፈቃድ ያወጣሁት ዓምና ነው። መጀመሪያ ላይ ግማሹን ኮድ የጻፈው የክላስ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ተቀጥሯል። በቅርቡ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በ600,000 ብር እንግዛህ አለኝ። በዚህ ሳምንት 50,000 ቀብድ፣ ርክክብ ላይ 250,000፣ ቀሪውን 300,000 ደግሞ ከዓመት በኋላ ሁሉም ደንበኛ ካለ። ዓመቱን ሙሉ በነጻ እንዳግዛቸውና ለ5 ዓመት ሶፍትዌር እንዳልሠራም ይፈልጋሉ። ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ውጭ አገር እንዲህ ያለ ነገር የገቢውን አምስት እጥፍ እንደሚያወጣ አነባለሁ። ከ2 ሚሊዮን በታች መሸጥ መዘረፍ ይመስለኛል። ልሽጥ? በስንት?»

ምላሽ፦ በዚህ ሳምንት አትሽጥ። ቀብዱንም አትንካ። ምክንያቱ ግን አንተ ያሰብከው አይደለም። 600,000 ብር ዝርፊያ አይደለም። ቁጥሮችህን አስቀምጬ ሳየው እንዲያውም ደህና የሚባል ዋጋ ነው። መጥፎው አከፋፈሉ ነው። ከአከፋፈሉም የባሰ ነገር አለ፦ ልትሸጠው ያሰብከው ሲስተም ያንተ ብቻ ለመሆኑ እጅህ ላይ ወረቀት የለም። መጀመሪያ ዋጋውን እንጨርስ።

ሦስት ዓመት መልፋትህ ዋጋው ውስጥ አይገባም። ይህን ስል የሚቀየመኝ ዴቨሎፐር ብዙ ነው። ግን ፔንሲዮን የሚገዛ ሰው ግንቡ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ፈጀ ብሎ አይጠይቅም። በሳምንት ስንት ክፍል ይያዛል፣ ወጪው ተቀንሶ ስንት ይተርፋል ይላል። ሶፍትዌር የሚገዛም ሰው እንደዚያው ነው። የሚከፍለው አንተ ከሄድክ በኋላም ለሚቀጥለው ትርፍ ነው። የተጻፈው ኮድ ቢበዛም ቢያንስም፣ ሌሊት ተነስተህ ብትሠራውም በሥራ ሰዓት ብትሠራውም ለእሱ ያው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 17 ደንበኞች በ1,500 ብር በወር 25,500 ይሆናሉ። የሆቴሉ 12,000 ሲጨመር 37,500። በዓመት 450,000 ብር። ወጪህ በዓመት 114,000 ነው። 336,000 ይቀራል። አንተ ትርፌ የምትለው ይህን ነው። ገዢው ግን እዚህ ላይ አይቆምም። ፕሪንተር እምቢ ሲል ባጃጅ ይዞ ከአቶቴ ሰፈር እስከ መናኸሪያ የሚሄደው ማነው? አዲስ ሪሴፕሽኒስት በተቀጠረች ቁጥር የሚያስተምረው ማነው? ወሩ ሲያልቅ እየደወለ «ቴሌብር አድርጉልኝ» የሚለውስ? አንተ ነህ፤ ለራስህም ደመወዝ አትከፍልም። ገዢው ይህን የሚሠራ ሰው ሐዋሳ ውስጥ መቅጠር አለበት። በወር 10,000 ብር ብንል በዓመት 120,000 ነው። አሁን የቀረው 216,000 ብር ብቻ ነው። የሚሸጠው ትርፍ ይህ ነው።

እንደ ፍሊፓ እና አኳየር ዶት ኮም ባሉ የውጭ መገበያያዎች ላይ የትንንሽ ሶፍትዌር ንግዶች ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በዓመት ትርፍ እጥፍ ነው። ከሁለት እስከ አራት እጥፍ የተለመደ ነው። እኛ ጋ ገዢ ጥቂት ነው፣ ክፍያም ከካርድ ላይ በራሱ አይቆረጥም። ስለዚህ እኔ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ አስባለሁ። 216,000ን ስታባዛው ከ432,000 እስከ 648,000 ብር ይመጣል። የቀረበልህ 600,000 ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጋ ነው።

የገቢ አምስት እጥፍ የሚባለው ከየት መጣ? በፍጥነት ከሚያድጉ፣ ሺህ ደንበኛ ካላቸው፣ አሥር ደንበኛ ቢሄድባቸው ከማይሰማቸው ንግዶች ነው። ያንተ አንድ ሆቴል ብቻውን የገቢህ ሲሶ ነው። ነገ የሆቴሉ ባለቤት ሌላ ሲስተም ልሞክር ቢል በዓመት 144,000 ብር ይጠፋል። ከ216,000 ላይ ስትቀንሰው 72,000 ይቀራል። ገዢህ ይህን ሒሳብ ሠርቶታል። ግማሹን ክፍያ ለዓመት ያዘገየው ለዚህ ይመስለኛል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ አንተ ላይ መጣሉ ግን ተገቢ አይደለም።

ስለ ውጭዎቹ ታሪኮች አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሰው የሚያወራው ሜይልቺምፕ ስለሚባለው የማስታወቂያ ኢሜይል መላኪያ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ ከውጭ ባለሀብት ገንዘብ ሳይወስድ አድጎ፣ በ2021 ኢንቱይት የሚባል የአሜሪካ የሶፍትዌር ኩባንያ በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ቤርሜትሪክስ የሚባለው የአንድ ዴቨሎፐር ምርት ደግሞ በ2020 በ4 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። እነዚህን እያነበቡ የራስን ዋጋ መተመን አደጋ አለው። ላንተ የሚጠቅምህ የፓትሪክ ማኬንዚ ታሪክ ነው። ጃፓን ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ለአስተማሪዎች የቢንጎ ካርድ የሚያዘጋጅ ትንሽ ፕሮግራም በ30 ዶላር ገደማ መሸጥ ጀመረ። በቃ፣ ቢንጎ። አስተማሪዋ ድረ ገጹን ራሷ ታገኛለች፣ ራሷ ትከፍላለች፣ ራሷ ታወርዳለች። እሱ ቢተኛም ይሸጣል። በመጨረሻም ንግዱን ለሌላ ሰው ሸጠው። የተሸጠው ኮዱ የሚያስደንቅ ስለነበረ አይመስለኝም። ሰውዬው ሳይኖርም የሚሄድ ስለነበረ ነው።

ኮንስቴሌሽን ሶፍትዌር የሚባል የካናዳ ኩባንያም አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ፣ ለአንድ ሙያ ብቻ የሚያገለግሉ ትንንሽ የሶፍትዌር ድርጅቶችን በመቶዎች ገዝቷል። የዕለት ሥራውን በአንድ ሲስተም ላይ የዘረጋ ደንበኛ በቀላሉ አይለቅም፤ የሚገዛው ይህን ጥንካሬ ነው። አንተም ይህ አለህ። ሪሴፕሽኒስቷ ጠዋት መጀመሪያ የምትከፍተው ያንተን ስክሪን ነው። ይህን አታሳንሰው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ሲስተሙ የማነው?

በአገራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከመጽሐፍና ከመሳሰሉት ጋር ይቆጥረዋል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ነው። መመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ ግዴታ አይደለም። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው ከፍሎ ያሠራው ሥራ ከሆነ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ ወደ አሠሪው ሊሄድ ይችላል። ሆቴሉ 80,000 ብር ከፍሎ አሠርቶሃል። ውል አልጠቀስክልኝም፤ የለም ብዬ እገምታለሁ። እንግዲህ 25 ሰው የተጠቀመበት ሲስተም መሠረቱ የሆቴሉ ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ቢመጣ፣ የምታሳየው ነገር የለህም። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» የሚለው መልስ በቂ አይደለም።

ጓደኛህም አለ። ግማሹን ኮድ ጽፏል ስትል በሕግ ዓይን የጋራ ባለቤት ነው እያልክ ሊሆን ይችላል። ያኔ በነጻ አግዞህ ይሆናል። «ስንሸጥ አስብሃለሁ» ተባብላችሁም ይሆናል። 600,000 የሚል ቁጥር ከተሰማ በኋላ የሰው ትዝታ ይለወጣል። የጓደኛህን ጨዋነት መጠራጠሬ አይደለም፤ ገንዘብ መሀል ሲገባ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ወረቀት ነው። ከሆቴሉ ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ትፈራረማለህ። ሆቴሉ ሲስተሙን በራሱ ቅርንጫፎች ያለ ገደብ ይጠቀማል፤ ሶርስ ኮዱና ለሌላ ሰው የመሸጥ መብቱ ያንተ ነው። ለዚህ የሆነ ነገር ስጣቸው። ለምሳሌ ለአንድ ዓመት ዋጋ እንደማትጨምርባቸው ጻፍላቸው። ከጓደኛህ ጋር ደግሞ መብቱን ለአንተ ማስተላለፉን የሚገልጽ ጽሑፍ ትፈራረማላችሁ። በምን ያህል? እሱ ከሽያጩ ድርሻ ይሻላል ካለ መቶኛውን ጻፉ። ዛሬ ገንዘብ ይሻለኛል ካለም ክፈለውና ይፈርም። የመብት ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቡና ላይ የተባለ ነገር አይቆጠርም። ሁለቱንም ስታናግር ገዢ መምጣቱን አትደብቅ። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ የሆቴል ባለቤቶችም ይተዋወቃሉ። ከሌላ ሰው ቢሰሙት ይብሳል።

ያልጠየቅከኝ ግን መናገር ያለብኝ ሌላም ነገር አለ። ሲስተምህ ውስጥ የእንግዶች ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር አለ። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ የት እንዳደረም አለ። ፔንሲዮን ነው፤ ይህ መረጃ ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። መረጃው ያንተ ንብረት አይደለም። የምትይዘው ለፔንሲዮኖቹ ነው፤ ስለዚህ ልትሸጠው አትችልም። ገዢው «ሲስተሙን እንየው» ሲልህ የደንበኛ አካውንት ከፍተህ አታሳይ። የውሸት ስሞች የሞላህበት የማሳያ አካውንት አዘጋጅ። ስለ ሲስተሙ ሳይሆን ስለ እንግዶች ስልክ ቁጥር ደጋግሞ የሚጠይቅ ገዢ ከመጣ፣ ንግግሩን እዚያው አቁም። ርክክብ ከመጣም ለእያንዳንዱ ፔንሲዮን አስቀድመህ አሳውቅ፤ መረጃው ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ ይወቁ።

ወደ ውሉ ልመለስ። ቀብድ ቀላል ነገር ይመስላል፤ 50,000 ብር ኪስ ውስጥ ገባ፣ ሰውዬው ቁም ነገረኛ ነው ያሰኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ሰው ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። አንተ ተቀብለህ ከሳምንት በኋላ የሆቴሉ ባለቤት «ሲስተሙ የኔ ነው» ቢል፣ ሽያጩን መፈጸም አትችልም፤ 100,000 ብር መክፈል ይመጣብሃል። ወረቀቶቹ ሳይያዙ ቀብድ አትቀበል የምለው ለዚህ ነው።

ቀሪው 300,000 «ሁሉም ደንበኛ ካለ» ተብሏል። ሁሉም! ከ26 ፔንሲዮንና ሆቴል አንዱ በዓመት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። ባለቤቱ ሊሸጠው ይችላል። ልጁ መጥቶ ሲስተም ልቀይር ሊል ይችላል። አንዱ ስለሄደ 300,000 ብር ይቀርብሃል ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ደንበኛውን የሚያባርረው ገዢው ራሱ ሊሆን መቻሉ ነው። ድርጅቱ የራሱ የሆቴል ሲስተም ካለው፣ ያንተን የሚገዛው ደንበኞቹን ወደ ራሱ ለመውሰድ ሊሆን ይችላል። ያንተን ዘግቶ፣ ዋጋ እጥፍ አድርጎ፣ አምስት ፔንሲዮን ቢሸሽ ጥፋቱ የማን ነው? በውሉ መሠረት ያንተ። ስለዚህ ከገዙ በኋላ በሲስተሙ ምን እንደሚያደርጉ በግልጽ ጠይቃቸው። መልሱ ዋጋውንም ይለውጣል። 17 ከፋይ ፔንሲዮን በአንድ ጊዜ ማግኘት ለእንዲህ ያለ ድርጅት በትርፍህ እጥፍ ካሰላነው በላይ ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ ሻጭ ልኮ አንድ በአንድ ቢያስፈርማቸው ምን ያህል እንደሚያስወጣው እሱ ያውቃል። 600,000ን ወደ ላይ የምትገፋበት ቦታ ካለ እዚህ ነው።

ለ5 ዓመት ሶፍትዌር አትሥራ የሚለውን በጭራሽ አትፈርም። እንጀራህ ነው። የሆቴልና የፔንሲዮን ሲስተም ለሁለት ዓመት አልሠራም ማለት በቂ ነው፤ ገዢም ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ነገር የለም። ዓመት ሙሉ በነጻ ማገዝም እንዲሁ። አንድ ወር በነጻ፣ ከዚያ ወዲያ በሰዓት ክፍያ፣ ከሦስት ወር ሳይበልጥ።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ምክሬ አንድ ነው፦ አንድ ዓመት ቆይ፤ በዚያ ዓመት ንግዱን ከራስህ ለይ። ዓመቱን በከንቱ አትጠብቅም፤ ትርፉ እስከዚያ የአንተ ነው። 600,000 ማለት ዛሬ በእጅህ ከምታገኘው የሁለት ዓመት ገቢ ያነሰ መሆኑንም አትርሳ።

በመጀመሪያ ዋጋ ጨምር። 1,500 ብር የተመንከው ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ከሆነ፣ ሰርቨርህም የሚከፈለው በዶላር ከሆነ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከእያንዳንዱ ደንበኛ የምታተርፈው እየቀነሰ ነው። ወደ 2,000 አድርገው። ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ አሳውቅ፣ ምክንያቱንም ሳታስውብ ንገራቸው። ሁለት ደንበኛ ይሄዳል ብለን እንፍራ። 15 በ2,000 በወር 30,000 ነው፤ ካሁኑ 25,500 ይበልጣል። በነገራችን ላይ ዴቨሎፐሮች ዋጋ መጨመርን የሚፈሩትን ያህል ደንበኛ አይፈራውም። አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ከሚከራይበት ጋር አስተያየው።

አንዴ ከፍለው የጨረሱት 8ቱ ሀብት ይመስሉሃል። ዕዳ ናቸው። ይደውላሉ፣ ሰርቨርህን ይጠቀማሉ፣ አይከፍሉም። ገዢም ይህን ሸክም ይወርሳል። በድንገት አትዝጋባቸው፤ የገዙትን ገዝተዋል። ግን ባክአፕ፣ ማሻሻያና የስልክ ድጋፍ ከእንግዲህ በዓመት 12,000 ብር ነው በላቸው። አምስቱ እሺ ካሉ 60,000 ነው። ያልፈለገ በያዘው ይቀጥላል፤ ስልክህ ግን ቀለል ይላል። ከእንግዲህ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ሽያጭ አትሽጥ። 35,000 ብር በአንድ ቀን ማግኘት ያጓጓል፤ ዕድሜ ልክ አገልግሎት የምትሸጥ መሆኑ ያኔ አይታይህም።

አሰባሰቡንም ለውጥ። በየወሩ 17 ሰው ጋ መደወል ሥራ አይደለም። በዓመት አንዴ ለሚከፍል የአንድ ወር ቅናሽ ስጥ። መቼ እንደምትጠይቅም ምረጥ። ታኅሣሥ እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲሆን፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለምርቃት ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ ክፍል አይገኝም። የፔንሲዮን ባለቤት እጁ ላይ ገንዘብ ያለው ያኔ ነው። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ጠይቅ፤ ክፍሉ ባዶ በሆነበት ወር አትሂድ። ክፍያው ደግሞ በግል ስልክህ ቴሌብር ሳይሆን በንግድ ስምህ ባለ የባንክ ሒሳብ ወይም የነጋዴ አካውንት ይግባ። ገዢ የሚያምነው የባንክ ስቴትመንት ነው። ከንግድ ፈቃዱ በፊት የነበረውን ገቢ ማንም አይቆጥርልህም።

ከዚያ ሰው ቅጠር። የ10,000 ብሩን ረዳት ገዢው ሳይሆን አንተ ቅጠረው። የሚደውሉልህን ጥያቄዎች እየጻፈ መልሱን ያዘጋጅ። ለሪሴፕሽኒስቶች አጫጭር ቪዲዮ በአማርኛም በሲዳምኛም ቅረጹ። ለሁለት ሳምንት ስልክህን ዘግተህ ሥራው ከሄደ፣ የሚሸጥ ነገር ይዘሃል። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ ሰርቨሩ፣ ኮዱ የሚቀመጥበት ጊትሃብ በማን ኢሜይል ነው የተከፈቱት? የሰርቨሩ ክፍያ በውጭ ባለ ዘመድ ካርድ የሚሄድ ከሆነስ? ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምናደርገው። ገዢ ግን ያ ዘመድ ካርዱን የዘጋ ቀን 26 ሆቴል እንደሚቆም ያያል። ሁሉንም በንግዱ ስም ወደ አንድ ኢሜይል አምጣ፣ ዝርዝሩንም በወረቀት ያዝ።

የዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ይህን ይመስላል። በወር 30,000 እና የሆቴሉ 12,000፣ በዓመት 504,000 ነው። ከአምስቱ 60,000 ሲጨመር 564,000። ወጪ 114,000፣ ረዳት 120,000። 330,000 ብር ይቀራል፤ ያውም አንተ የሌለህበት። በሁለትና በሦስት እጥፍ ከ660,000 እስከ 990,000 ነው። ሆቴሉም ከገቢው ሲሶ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት አራት አዲስ ፔንሲዮን ከጨመርክ ደግሞ ላይኛው ጫፍ ሚሊዮኑን ያልፋል። 2 ሚሊዮን ግን በዚህ መንገድ በአንድ ዓመት አይመጣም። እንደሚመጣ የሚነግርህ ደላላ ካለ ኮሚሽኑን አስቦ ነው።

የንግዱን ቅርጽ በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሁን ንግዱ በግልህ ስም ነው። ንግድ ፈቃድህን ለገዢ ማስተላለፍ አትችልም። የምትሸጠው ኮዱን፣ የንግድ ስሙን፣ ዶሜይኑንና ከደንበኞች ጋር ያሉህን ውሎች ነው። ውሎቹ ደግሞ ምናልባት የሉም። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ዓመቱን የምትቆይ ከሆነ ይህን ከጠበቃ ጋር ተነጋገርበት፤ ኋላ መሸጡን ያቀልልህ ይሆናል። ወጪም የሒሳብ አያያዝም ይጨምራል፣ ስለዚህ ለሁሉም ሰው አይደለም። የግብሩን ነገር ከፈረምክ በኋላ ሳይሆን ከመፈረምህ በፊት የሒሳብ ባለሙያ ይይልህ። ዋጋው ቫትን ያካትት አያካትት በውሉ ይጻፍ። ሲስተምህ የሚያትመው ቢል ሕጋዊ ደረሰኝ አለመሆኑንም ለገዢ አስቀድመህ ንገረው።

መቆየት የማትችልበት ምክንያት ሊኖርህ ይችላል። ሕመም፣ ጉዞ፣ የቤተሰብ ጉዳይ። እንደዚያ ከሆነ በ600,000ው መሸጥ አያሳፍርም፤ ግን አከፋፈሉ ይገልበጥ። ሁለቱ ወረቀቶች ከተፈረሙ በኋላ 450,000 ርክክብ ላይ ይከፈል። ቀሪው 150,000 ከስድስት ወር በኋላ፣ በባንክ ጋራንቲ ታስሮ። ደንበኛ ቢሄድ በሄደው ልክ ይቀነስ እንጂ ሁሉም አይቅር። ገዢው ዋጋ ስለጨመረ ወይም ሲስተሙን ስለቀየረ የሄደ ደንበኛ አይቆጠርብህ። ውሉ ውልና ማስረጃ ይረጋገጥ። ፓስዋርዶቹን የምትሰጠው ገንዘቡ ሒሳብህ ውስጥ መግባቱን ባንኩ ሲያረጋግጥልህ ነው። በስልክ የተላከልህ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም።

ለድርጅቱ ዛሬ አጭር መልስ ጻፍ። ለዋጋው አመስግን፣ የባለቤትነት ሰነዶችን እያሟላህ መሆኑን ንገር፣ እስከዚያ ቀብድ እንደማትቀበል ግለጽ። በሲስተሙ ምን ሊያደርጉበት እንዳሰቡም ጠይቅ። እምቢ አላልክም፣ እሺም አላልክም። ከዚያ ነገ ጠዋት የሆቴሉን ባለቤት አግኝ።